እዚህ ይነሳል

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ክላክሱ ሲጀምር ሰርግ መሰላት። ቀጥሎ የየዕለቱ መጨናነቅ መሰላት። ከአራተኛ ፎቅ መስኮት አንገቷን አውጥታ ስታይ ግን ሁለቱም አልነበረም። ሚኒባሶቹ የከተማውን ፕላን መሥሪያ ቤት ከበው፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው፣ ሞተር አጥፍተው ቆመዋል። ሞተሩን ያጠፋ ሹፌር ደግሞ ለመሄድ አልመጣም።

ዓይኗ ሳታዘው አንዱን መፈለግ ጀመረ። ነጭ፣ የግራ ጎኑ የተሰረጎደ። ከዋናው በር ፊት ለፊት፣ በሦስተኛው ረድፍ አገኘችው። እንዳይኖር የጸለየችበት መኪና እዚያው ነበረ።

ባለመኪናውን ሹፌሮቹ «ዝግታ» ይሉታል። ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ከሩቅ እየሮጠ የሚመጣ ሰው ካየ ሳያሳፍር አይንቀሳቀስም። «ከዝግታ ጋር ከመድረስ ልጅ ወልዶ መዳር ይፈጥናል» ይላሉ። እሷን ደግሞ «ቆጣሪዋ» ይሏታል፤ እንደ መብራት ቆጣሪ። ስሙ የወጣላት የዛሬ ስምንት ወር፣ ለመሃል ከተማው የሃያ ዓመት የትራንስፖርት ዕቅድ ጥናት ሲደረግ ነው። በየፌርማታው ስንት ሰው እንደሚወጣና እንደሚወርድ ለመመዝገብ በእሱ መኪና ጋቢና ውስጥ ሦስት ሳምንት ከረመች።

«ምንድን ነው የምትቆጥሪው?» አላት በሁለተኛው ቀን።

«ሰው።»

«እኔንም ቆጠርሽኝ?»

«ሹፌር አይቆጠርም።»

«እና መኪናው ራሱን ነው የሚነዳው?»

ሳቀች። ስትስቅ ሁለት ተሳፋሪ አመለጣት፤ እስከ ዛሬ በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ ሁለት ሰው ይጎድላል።

እናቷ የፍቅራቸውን ወሬ ስትሰማ «ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት የላክሁሽ ለሹፌር ነው?» ብላ ሳምንት አኮረፈች። የእሱ አባት ደግሞ የሚኒባስ ሹፌሮች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ለእሳቸው ከፕላን መሥሪያ ቤት ምራት ማምጣት ድመትን ወተት ጠብቂ እንደማለት ነው። ስለዚህ ለእሳቸው ነገሩ አልተነገራቸውም።

ዝግታ ከአራት ቀን ወዲህ ስልኳን አይመልስም።

የክፍሉ ኃላፊ ሳያንኳኩ ገቡ። ሌላ ቀን አንድ ቀልድ ሳይጥሉ የማይቀመጡ ሰው ናቸው፤ ዛሬ አልቀለዱም፣ አልተቀመጡምም። አንድ ፎቶ ኮፒ ጠረጴዛዋ ላይ ጣሉ።

«ይሄ የእጅ ጽሑፍ የማን ነው?»

የመሃል ከተማው ረቂቅ ካርታ ነው። አሮጌው መናኸሪያ በብዕር ተከቧል፤ ከክቡ ጎን «እዚህ ይነሳል» ተብሎ ተጽፏል።

ክው አለች። ጽሑፉ የእሷ ነው። ለካርታ ነዳፊው የተጻፈ ማስታወሻ ነበር፤ ነዳፊው ሥራውን ጨርሶ ሲመልስላት ወደ ቅርጫት ልትጥለው ነበር። አልጣለችውም። በምሳ ሰዓት ቸኩላ፣ ሌላ ወረቀት ለመፈለግ ትዕግሥት አጥታ፣ ጀርባው ላይ ደብዳቤ ጻፈችበት።

«ዝግታዬ፣ ወረቀት አጥቼ ነው። ፊቱን አትየው፣ ሥራ ነው። ሐሙስ መምጣት አልችልም። ናፍቆት ሥራ የፈታ ሰው በሽታ ይመስለኝ ነበር። ይኸው ከሰኞ ጀምሮ እህል አልወርድልሽ ብሎኛል። ይህን ለሰው ብታወራ እክዳለሁ።» ከሥሩም ሙሉ ስሟን ፈርማለች፤ እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ።

ፎቶ ኮፒውን ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነው።

«ያልጸደቀ ረቂቅ ሾልኮ ወጥቷል» አሉ ኃላፊው። «አራት ሰዓት ላይ ተወካዮቻቸው አዳራሽ ይገባሉ። እኔ ወረቀቱ ከዚህ ቢሮ አልወጣም፣ ሐሰተኛ ነው እላለሁ። አንቺ የማንም የኛ ሰው ጽሑፍ እንዳልሆነ ታረጋግጫለሽ። በቃ።»

«ሐሰተኛ ነው ከተባለ፣ ይዞት የመጣው ሰውስ?»

«በሐሰተኛ ሰነድ ይጠየቃላ!»

«እኔ አላረጋግጥም ብልስ?»

ኃላፊው መነጽራቸውን አውጥተው ጠረጉ። «ያኔ የሾለከበትን በር መፈለጋችን ነው። በሩ አንቺ ከሆንሽ ዕቅዱም አንቺም አብራችሁ ትወጣላችሁ። እኔ ደግሞ አንቺን ማስወጣት አልፈልግም፤ የሚቆጥርልኝ አላገኝም።»

በሩን ዘግተው ሄዱ። ክላክሱ ለአፍታ ቆመ፤ ዝምታው ባሰ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እሷ ግን ይህን ፈርታ አታውቅም፤ ይህን ለመፍራት የሚያስችል ሐሳብ እንኳ አልነበራትም። ያ ወረቀት በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነበር። ውጭ ከቆሙት ሦስት መቶ መኪኖች ይልቅ ያስፈራት ያ አንድ ሰው ነው።

*

በኋላው ደረጃ ሮጣ ወረደች። ሁለተኛው ፎቅ ጥምዝ ላይ ዝግታን ሲወጣ አገኘችው። ዘበኛውን ጠዋት ጠዋት በነጻ ስለሚያሳፍረው የኋላው በር ለእሱ አይዘጋም። አራት ቀን ያልተላጨ ጺም፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይን።

«ለማን ሰጠኸው?» አለችው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ጠያቂዋ አንቺ ሆንሽ?» ድምፁን ዝቅ ቢያደርገውም ደረጃው አስተጋባው። «ስምንት ወር አጠገቤ ተቀምጠሽ ስትስቂ፣ አባቴን የምታነሺበትን ቀን ታውቂ ነበር?»

«ማንን ነው የማነሳው?»

«‹ፊቱን አትየው› አልሽኝ። አላየሁትም! እኔ ሞኙ ጀርባውን በቀን ሦስቴ ሳነብ፣ ለካ ፊቱ ላይ መርዷችን ተጽፏል።»

«እሺ፣ እንዴት ወጣ? እሱን ንገረኝ።»

ግድግዳውን ተደገፈ። «እሑድ አባባ መኪናዬን ይዞ ወጣ። ትራፊክ አስቆመው። ሊብሬ ሲለው ከፀሐይ መከላከያው ላይ እጁ የገባለትን መዞ ሰጠው። ትራፊኩ ጀርባውን አንብቦ ሲጨርስ ‹ጋሼ፣ እኔ የጠየቅሁዎት ሊብሬ ነው› አለው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እዚያው ደረጃ ላይ ሆዳቸውን ይዘው በሳቁ ነበር።

«ከዚያ አባባ ፊቱን ገልብጦ አየ።»

«ስለኔስ ምን አሉ?»

«ምንም። ፊቱን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ለማኅበሩ በተነ። ስለ ጀርባው አንድ ቃል አልወጣውም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ለምን አልጠየቅኸኝም? አራት ቀን ሙሉ!»

«መልሱን ፈራሁ።» ቀና ብሎ አያት። «ምን ልጠይቅሽ? በቀይ ከበሽ ጽፈሻል እኮ። ‹እዚህ ይነሳል።› አባቴ ያደገበት መናኸሪያ!»

ቃሉን በልቧ አንድ ጊዜ አለችው፤ ደገመችው። በሦስተኛው ገባት።

«መናኸሪያው አይደለም የሚነሳው» አለች። «መስመሩ ነው! አዲሱ የአውቶቡስ መስመር ከእናንተ መናኸሪያ ይነሳል። መነሻው እዚያ ነው። አንተ ራስህ ‹ይነሳል፣ ይነሳል፣ አንድ ሰው የቀረው ይነሳል› እያልክ ስትጮህ አይደለም የምትውለው?»

የዝግታ ከንፈር ቃሉን ያለ ድምፅ ሲለው አየችው።

መናኸሪያ ውስጥ «ይነሳል» ማለት ይሄዳል ማለት ነው። ከመሥሪያ ቤት በወጣ ወረቀት ላይ ሲሆን ግን አንድ ትርጉም ብቻ አለው፤ ዶዘር። ከእነሱ ጋር ስትውል ቃሉ አፏ ላይ ተጣብቆባት ነበር። እሷ በእነሱ ቋንቋ ጻፈች፤ እነሱ በእሷ ቋንቋ አነበቡት።

«አይነሳም?» አለ።

«አይነሳም።»

ፊቱ በራ። እንዲህ ያለ ብርሃን ሰው ፊት ላይ አይታ አታውቅም። ቀሪውን መናገር የነበረባት ያን ጊዜ ነው። መናኸሪያው አይነሳም፤ በአራተኛው ዓመት ግን ሚኒባስ ወደ መሃል ከተማ መግባት ያቆማል። እሱም፣ አባቱም፣ ውጭ የቆሙት ሁሉ። ይህ የዕቅዱ እምብርት ነው፤ ራሷ ናት ያሰላችው፣ ትክክል እንደሆነም ታምናለች። አፏን ከፈተች። ፊቱን አየች። አልነገረችውም።

«ለአባባ ልንገረው!» አለና ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ። ዝግታ ሲሮጥ አይታው አታውቅም። የሰጠችውን ግማሽ እውነት ይዞ ሲሮጥ እግሩ የሚደናቀፍ መሰላት፤ «ቆይ!» ልትለው ፈለገች፣ እሱ ግን ቀድሟት ነበር።

*

አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ ያህል ተወካዮች ተቀምጠዋል፤ በሩ ላይ የቆመው ከዚያ ይበልጣል። ሊቀመንበሩ ከፊት ናቸው። አጭር፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ፣ እጃቸው ከመሪ ላይ የወረደ የማይመስል ሰው። ዋናውን ወረቀት ደረታቸው ላይ ይዘውታል፤ ፊቱ ወደ ሕዝቡ፣ ጀርባው ወደ ልባቸው። ዝግታ ከኋላቸው ቆሞ በጆሯቸው እያንሾካሾከ ነበር። ሲጨርስ ቀና ብሎ ለእሷ ፈገግ አለ። ፈገግታው እንደ ጩቤ ገባባት።

ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህ ወረቀት ከእኛ ቢሮ አልወጣም። ጽሑፉም የእኛ አይደለም። ባልደረባዬ ታረጋግጥላችኋለች። ይህን ሐሰተኛ ሰነድ አምጥቶ ሕዝብ ያሸበረ ሰው በሕግ ይጠየቃል።»

አዳራሹ ተናወጠ። «ማን ነው ሐሰተኛ?» «ጋሼን ነው?» «ኧረ አፍህን ሰብስብ!»

ሊቀመንበሩ አልተንቀሳቀሱም። ወረቀቱን መገልበጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። ጀርባው ላይ ሙሉ ስሟ ከነፊርማዋ ተቀምጧል፤ አንዴ ቢያገላብጡት ኃላፊው ይዋረዱ ነበር፣ እሷም ከእነ ናፍቆቷ አደባባይ ትሰጣ ነበር። አልገለበጡትም። መዳፋቸውን ዘርግተው ጀርባውን ይበልጥ ወደ ደረታቸው አስጠጉት። በልጃቸው ፊት አጭበርባሪ ሲባሉ ዝም ብለው የማያውቋትን ሴት ሸፈኑ።

‹ለሰው ብታወራ እክዳለሁ› ብላ መጻፏ ትዝ አላት። ያኔ ቀልድ ነበር።

ተነሳች።

«ጽሑፉ የኔ ነው» አለች።

ኃላፊው ወደ እሷ አልዞሩም። ጆሯቸው ብቻ ቀላ።

ቃሉን አስረዳች። መነሻ መሆኑን፣ መስመሩ ከመናኸሪያው ተነስቶ በገበያው በኩል ሆስፒታሉ ድረስ እንደሚሄድ፣ አንድ ግንብ እንደማይነካ። መጀመሪያ ዝምታ፣ ቀጥሎ ጉርምርምታ፣ በመጨረሻ ሳቅ ሆነ።

«ታዲያ ሰው በሚገባው ቋንቋ አትጽፉም?» አለ አንድ ሽማግሌ ሹፌር።

«በእናንተው ቋንቋ ነው የጻፍኩት!»

«እኛ ደግሞ መጻፍ መቼ ጀመርን?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው እንኳ ላባቸውን ጠርገው «እንግዲህ ስለተግባባን» ብለው ወረቀታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ያን ጊዜ መቀመጥ ትችል ነበር። ሥራዋም፣ እሱም፣ ዕቅዱም እጇ ላይ ነበሩ።

«ልጄ» አሉ ሊቀመንበሩ። ሳቁ ቆመ። «መናኸሪያው አይነሳም። ደግ ነው። እኛስ?»

«እሱ ወደፊት የሚጠና ነው» አሉ ኃላፊው ፈጥነው።

«እሷን ነው የጠየቅሁት።»

ዝግታን አየችው። አሁንም ፈገግታው አልጠፋም፤ ንገሪያቸው፣ ጨርሺላቸው ይላታል ዓይኑ።

«በአራተኛው ዓመት» አለች፣ «ሚኒባስ መሃል ከተማ አይገባም።»

ሹፌሮቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ከገበያው ሆስፒታል ሦስት ኪሎ ሜትር ነው» ብላ ቀጠለች። «ጠዋት በመኪና ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል፣ በእግር አርባ። ከእናንተ ጋር ተቀምጬ ነው የለካሁት። በሃያ ዓመት ውስጥ ሰዉ እጥፍ ይሆናል፤ መንገዱ እጥፍ አይሆንም። መንገዱን እናስፋ ካልን የምናፈርሰው የሰው ቤት ነው። አንድ ትልቅ አውቶቡስ የሰባት ሚኒባስ ሰው ይይዛል። ሌላ መንገድ ፈልጌ አጣሁ።»

«ሦስት መቶ ሰው የት ይውደቅ?» አለ ከበሩ አንድ ድምፅ።

«ለእሱ አንድ ገጽ ጽፌ ነበር። ማኅበሩ የአውቶቡሱ ባለድርሻ ይሁን፣ ሹፌሩ ቅድሚያ ከእናንተ ይሠልጥን፣ ሚኒባሱ ከዳር ሰፈሮች ሰው እያመጣ ለአውቶቡሱ ያስረክብ የሚል። ገጹ ወጥቶ ‹ወደፊት የሚጠና› የሚል መስመር ገባበት። ወደፊት የሚጠና ማለት በኛ ቤት የማይጠና ማለት ነው። ዛሬ ካልጠየቃችሁ፣ በአራተኛው ዓመት መንገድ ላይ የሚነግራችሁ ትራፊክ ነው።»

«ልጄ አሁን ሮጦ መጥቶ ‹አባባ፣ ዳንን› አለኝ» አሉ ሊቀመንበሩ በቀስታ። «ይህን ያውቃል?»

ሠላሳ ራስ ወደ ዝግታ ዞረ።

«አያውቅም። ደበቅሁት» አለች። «ፈርቼ ነው።»

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ሲወርድ አየችው፤ መብራት ሲጠፋ እንደሚሆነው ሳይሆን ቀስ ብሎ፣ ከዓይኑ ጀምሮ። ዞሮ በሰዎቹ መካከል ወጣ። አንድም ሰው አላስቆመውም።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አራት አጥፈው ኮታቸው ውስጥ ከተቱ። «ያ ገጽ ይመለስ» አሉ ለኃላፊው። «ገጹ ሳይመለስ አንድ ሞተር አይነሳም።» ከዚያ ለእሷ፣ ሌላው በማይሰማው ድምፅ፣ «ልጄን አቁስለሽዋል። ለእኔ ግን እውነቱን ነግረሽኛል። በየትኛው እንደማይሽ ገና አላወቅሁም» አሏት።

ኃላፊው ሳያዩዋት «መታወቂያሽን ለጸሐፊዋ አስረክቢ፤ ውሳኔው በደብዳቤ ይደርስሻል» አሉ። ሰማች። ፍርሃቷ ግን ለሥራዋ የሚሆን ቦታ አልተረፈውም ነበር።

*

ውጭ ፀሐዩ ጠንክሯል። በቆሙት መኪኖች መካከል ጎኗን አጥብባ አለፈች። ሹፌሮቹ ከውስጥ ያዩዋታል፤ አንዱም አልሰደባትም፣ አንዱም ሰላም አላላትም። ወሬው ቀድሟት ደርሷል።

ዝግታ መሪው ላይ ሁለት እጁን ጭኖ ተቀምጧል። መስኮቱ ክፍት ነው።

«ደረጃው ላይ ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ሳያያት።

«ፊትህ በርቶ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ጠፋ። አጠፋሁት።»

«በአባቴ ፊት ውሸታም አደረግሽኝ።»

«አዎ።»

«አዎ ብቻ?»

«ምን ልበልህ? ይቅርታ ብል ያንሳል። ሥራዬን ያጣሁ ይመስለኛል። አንተንም ያጣሁ ይመስለኛል። ዕቅዱ ግን ትክክል ነው፤ እሱን አልክድልህም። ብክድልህ ደግሞ ሌላ ግማሽ ነው የምሰጥህ።»

ከፊት ያለው መኪና ሹፌር በመስታወቱ ሲያያቸው ተያዘና ዓይኑን ሰበረ።

«ዘጠና ሰው» አለ ዝግታ በመጨረሻ።

«ምን?»

«ትልቁ አውቶቡስ። ዘጠና ሰው ይይዛል አይደል? እኔ አሥራ ሁለቱን በመስታወት አያቸዋለሁ፤ ማን እንዳኮረፈ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳንቀላፋ። ዘጠና ሰው ከኋላዬ ጭኜ...» እጁን ከመሪው ላይ አነሳ። «ለአባባ እንኳ ነግሬው አላውቅም። እፈራለሁ። ‹ቅድሚያ ይሠልጥኑ› ስትይ ከአባባ ኋላ ቆሜ ሰማሁሽ፤ ሌላው ተስፋ ሲያይበት እኔ ላብ አጠመቀኝ።»

ሥልጠናው ስድስት ወር መሆኑን፣ መንገዱ ለአውቶቡስ ብቻ ተለይቶ እንደሚሰመር፣ ከፊቱ የሚገባበት እንደማይኖር ልትነግረው አፏን ከፈተች። ሁሉም እውነት ነው። አንዱም ላላበው መዳፉ መድኃኒት አይሆንም። አፏን መልሳ ዘጋች። በስምንት ወር ውስጥ መልስ ሳትሰጠው ዝም ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

እጁን ዘርግቶ የጋቢናውን በር ከውስጥ ከፈተው። አልጋበዛትም፤ በሩን ከፍቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

ዞራ ገባች። በሩን ስትዘጋው ድምፁ ሁለቱንም አስደነገጣቸው። የትም አይሄዱም፤ ከፊትም ከኋላም ሦስት መቶ መኪና ነው። አባቱ ምን እንደሚወስኑ አያውቁም። ገጹ ይመለስ አይመለስ አያውቁም። እናቷ ማታ ስትሰማ ምን እንደምትል ግን በደንብ ታውቃለች። ሃያ ዓመት በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ስታሰላ እጇ ያልራደ ሴት፣ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚሆን ሳታውቅ እጇን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ የእሱ እጅ መጥቶ በላዩ አረፈ፤ ቀዝቃዛ፣ ላብ ያለው። አላጠበቀውም፣ አላነሳውምም። እሷም ትንፋሽ ብትተነፍስ የሚበር ነገር ይመስል፣ ሳትንቀሳቀስ ተቀመጠች።